ምዕራፍ ስድስት፦ ድሬዳዋ ያወጣችው መንገደኛ

ታይዋን ሲባል እስያ ያለችው ደሴት ብቻ ትዝ የምትለው ሰው ድሬዳዋን ገና አልረገጠም። ድሬዎች «ታይዋን» የሚሉት ገበያቸውን ነው። ልብስ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ ቴሌቪዥን፣ ስልክና ድምፅ ማጉያ ጠባብ ሱቆች ውስጥ እስከ ጣሪያ ተደርድሮ ይሸጥበታል። ቀረጥ የተከፈለበትና ያልተከፈለበት ዕቃ ከጅቡቲና ከሶማሌላንድ በኩል ገብቶ ጎን ለጎን መኖሩም ለከተማው ምስጢር ሆኖ አያውቅም። ከመሐል አገር ለስብሰባ የሄደ ሰው ሲመለስ ሻንጣው የሚከብደው እዚያ ጎራ ስለሚል ነው።

ይህ ምዕራፍ ከዚያ ሁሉ ዕቃ የሚፈልገው አንዱን ነው፤ ድምፅ ማጫወቻውን። ትናንት ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ነበር፤ ዛሬ ፍላሽና ሚሞሪ የሚሰካበት ስፒከር ሆኗል። ዕቃው ሲቀያየር ሳይቀየር አብሮ የተሻገረ ድምፅ አለ። ሚሞሪ የሚጭነውን ልጅ «አቦ፣ እስቲ የድሮውን ጫንልኝ» ያለው ሰው ኦሮሞ ይሁን ሶማሌ፣ ሐረሪ ይሁን አማራ፣ ከሚጫንለት ውስጥ አሊ ቢራ አይጠፋም።

አሊ ቢራን ከአሜሪካ የብሉዝ ጊታሪስቶች ጎን ማስቀመጤ አንዳንዱን አንባቢ ቅር ሊያሰኝ ይችላል። ምን አገናኛቸው? ለመልሱ ትንሽ ራቅ ብለን እንነሳ።

ብሉዝ የተወለደው በአሜሪካ ደቡብ፣ ከባርነት የወጡ ጥቁሮች ልጆችና የልጅ ልጆች የሌላውን ሰው ጥጥ በሚለቅሙበት አገር ነው። ጊታር ያለው ሰው ከእርሻው ማምለጫ መንገድ ነበረው። ከእንጨት መሰንጠቂያ ካምፕ ወደ ባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያው ወደ ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤት ይዞራል፤ ሳንቲም ይሰበስባል፤ ሸሪፉ ዓይኑን ሲጥልበት ደግሞ ሌሊቱን ከከተማው ይወጣል። ከነዚህ መንገደኞች አንዱ የቴክሳሱ ዓይነ ስውር ብላይንድ ለመን ጀፈርሰን ነው። በዳላስ ጎዳናዎች ሲጫወት ቆይቶ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1929 ለፓራማውንት ኩባንያ ዘፈኖቹን አስቀረጸ፤ በ1929 መጨረሻም ቺካጎ ውስጥ ሞተ። የሚሲሲፒው ሮበርት ጆንሰን ዕድሜው ከዚያም ያጠረ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1936 ሳን አንቶኒዮ፣ በሰኔ 1937 ዳላስ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ተቀመጠ፤ 29 ዘፈኖች ተቀረጹለት፤ በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ በ27 ዓመቱ ሞተ። ዛሬ ስለ ሮበርት ጆንሰን የሚጻፈው መጽሐፍ፣ የሚሠራው ፊልም፣ የሚነዛው አፈ ታሪክ ሁሉ የቆመው በነዚያ 29 ዘፈኖች ላይ ነው። ዓመት ሙሉ በየመንደሩ የተጫወተው የት ገባ? ነፋስ ወሰደው።

ሌላም ነገር አለ። የዚያን ዘመን ሸክላ በደቂቃ 78 ጊዜ የሚሽከረከር ሲሆን አንዱ ገጹ የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ያህል ነበር። ቅዳሜ ማታ ጭፈራው እስኪደራ ግማሽ ሰዓት የሚጎተት ዘፈን ስቱዲዮ ሲገባ ሦስት ደቂቃ ላይ ይታረዳል። ስለዚህ እኛ «ዘፈኑ» የምንለው መሣሪያው የፈቀደለት ቁራጭ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ ድሬዳዋ ስንደርስ ያስፈልገናል።

የኛ አገር መንገደኛ ተጫዋች አዝማሪ ነው። ማሲንቆውን አንግቦ ከጎንደር ገጠር ተነስቶ ሠርግና ጠጅ ቤት ያካልላል፤ ያሞግሳል፣ ይሸነቁጣል፣ የአድማጩን ስም ግጥሙ ውስጥ ያስገባል። የኛ ድምፅ ሸክላ ላይ የሰፈረበት ታሪክም ከብሉዙ ይቀድማል። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀርመን ተልኮ እ.ኤ.አ. በ1908 እና በተከታዮቹ ዓመታት በርሊን ውስጥ ድምፁን በሸክላ አስቀርጿል። ጥቁር አሜሪካዊቷ ማሚ ስሚዝ የመጀመሪያውን ታዋቂ የብሉዝ ሸክላ ያወጣችው በ1920 ነበር። ከተሰማ በኋላ ግን በኛ በኩል ረጅም ዝምታ መጣ።

የውጭ ጸሐፊዎች «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ሲፈልጉ ቀጥ ብለው ወደ ትዝታ ይሄዳሉ። «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ መጠሪያ በፈረንሳይ ከወጡት አልበሞች አሥረኛውም ርዕሱን የሰጠው ለትዝታና ለብሉዝ ነው። እኔ ይህ ዝምድና ላይ ላዩን ይመስለኛል። ትዝታ አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት ነው። ብሉዝም ከአምስት ድምፅ መሰላል ይነሳል፤ ጠባዩ የሚታወቀው ግን ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ ዝቅ አድርጎ በማጠፍ ነው። ሁለቱም ያዘነ ሰው ይመስላሉ፤ እዚያው ላይ መመሳሰሉ ያበቃል። ደግሞም ብሉዝ በዘመኑ የለቅሶ ሙዚቃ አልነበረም፤ ሕዝቡ የሚጨፍርበት፣ ላቡ ጠብ እስኪል የሚረግጥበት ነበር። ለኔ የብሉዝ ተጫዋች ማለት ሦስት ነገር የተገናኘበት ሰው ነው፦ መንገድ፣ ሹም የማይወደው አንደበት፣ እና በአጋጣሚ ከፊቱ የቀረበ መቅረጫ። በዚህ መለኪያ ኢትዮጵያ ውስጥ ማን ይገኛል ብባል ወደ ምሥራቅ እጠቁማለሁ።

ድሬዳዋ ራሷ የመንገድ ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ ዓላማው ሐረር ነበር፤ ተራራው ግን አላስወጣ አለ። ስለዚህ በ1895 ዓ.ም. መጀመሪያ ባቡሩ ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ከተማዋም እዚያው ተቆረቆረች። መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር፤ ስሙ አልያዘላትም። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በዚያ መሐል ባለው ጊዜ ከባሕር የሚመጣው ሰውና ዕቃ ሁሉ ድሬ ላይ ይራገፍ ስለነበር የመን ዐረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ሕንዱ፣ ፈረንሳዩ፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ ጉራጌው፣ አማራው ባለ አገሩን ኦሮሞ እየተጎራበተ ሰፈረ። በጋ በጋ አሸዋ የሚሆነው፣ በክረምት ግን በ1998 ዓ.ም. እንዳደረገው ሰው ጠራርጎ የሚወስደው የደቻቱ ወንዝ ከተማዋን ለሁለት ይከፍላታል፤ በአንድ በኩል ዛፍ ያጀባቸው የከዚራ ቀጥ ያሉ መንገዶች፣ በሌላው በኩል መጋላ፣ ቀፊራና ጠባብ ሰፈሮቹ።

ዕቃ በሚያልፍበት ዜማም ያልፋል። ኡድ ከዐረብ አገር በኤደን በኩል ተሻግሮ የአፍሪካ ቀንድን ወደቦችና ከተሞች የለመደው በዚህ መንገድ ነው። የዘመናዊው የሶማሌ ዘፈን አባት ከሚባሉት አንዱ አብዲ ሲኒሞ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ አጋማሽ «በልዎ» የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ የፈጠረው መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶበት እንደሆነ ይወራለታል። ሾፌርና ሙዚቀኛ አንድ ሰው የሚሆንበት አገር ላይ ነን።

አሊ መሐመድ ሙሳ በ1939 ዓ.ም. ድሬዳዋ ገንደ ቆሬ ተወለደ። ወላጆቹ ሦስት ዓመት ሲሞላው ተለያዩና አባቱ አሳደገው። በዐረብ ትምህርት ቤት ዐረብኛ ተማረ፤ ኋላም አማርኛና እንግሊዝኛ ወደሚሰጥበት ትምህርት ቤት ገባ። ኦሮምኛው የቤት፣ ሶማሊኛና ሐረሪው የጎረቤት ነው። ሲያድግ በነዚህ ቋንቋዎች እየቀያየረ መዝፈኑ ሰውን ያስደንቃል፤ ለድሬ ልጅ ግን ሱቅ ተልኮ ስኳር ገዝቶ መመለስም ይህንኑ ይጠይቃል።

በ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ከተማዋ ውስጥ አፍረን ቀሎ የሚባል የባህል ቡድን ተቋቋመ። ስያሜው የምሥራቁን ኦሮሞ አራት የቀሎ ጎሳዎች፣ አላን፣ ባቢሌን፣ ዳጋንና ኦቦራን የሚያስታውስ ነው። የወጣቶቹ ፍላጎት ተራ ይመስላል፤ ሠርጋቸውንና በዓላቸውን በራሳቸው ቋንቋ ማድመቅ። ነገር ግን ኦሮምኛ በትምህርት ቤት፣ በጋዜጣም ሆነ በፍርድ ቤት ቦታ ባልነበረው ዘመን መድረክ ላይ ኦሮምኛ ማሰማት ተራ ነገር አልነበረም። አሊ ቡድኑን ሲቀላቀል ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ መጀመሪያ ላይ ነበር። መድረክ ላይ መጀመሪያ የዘፈነው የክረምቱን ማለፍና የመፀውን መጥባት ስለሚያነሳ «ቢራ» የሚለው የወቅቱ ስም እዚያው ተለጠፈበት፤ ከዚያ በኋላ የአባቱን ስም የሚጠራው ከመዝገብ ቤት በቀር አልተገኘም።

የነዚህን ልጆች ሙዚቃ ቀርቦ ለሰማ መነሻው ሸጎዬ መሆኑ ይታወቀዋል። በሸጎዬ ወንዶችና ሴቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ አንዱ ይጥላል ሌላው ይቀበላል፤ ጭብጨባው ምቱን ይይዛል፤ ጭንቅላትና ትከሻ ይወዛወዛል። መሣሪያ አያስፈልገውም። አፍረን ቀሎዎች ያደረጉት ከዚያ የጭብጨባ ምት በላይ ኡድና ከተማ ያመጣቸውን ሌሎች መሣሪያዎች መደረብ ነው። የጥጥ እርሻው ጥሪና ምላሽ ጊታር ላይ ወጥቶ ብሉዝ የሆነውም በዚሁ አካሄድ ነበር፤ ሚሲሲፒም ድሬዳዋም ማንም ንድፍ አላወጣለትም።

መንግሥት ግን ጆሮውን አቆመ። ጊዜውም የተመቸ አልነበረም። ሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1960 ነፃ ወጥታለች፤ የሞቃዲሾ ሬዲዮ በኦሮምኛ ያሰራጫል፤ በ1964 ድንበር ላይ ጦርነት ተነስቷል። በዚህ መሐል ከድንበሩ ብዙም በማይርቅ ከተማ በኦሮምኛ የሚዘፍን የወጣቶች ማኅበር ለባለሥልጣኑ ዘፈን ብቻ ሆኖ አልታየውም። አፍረን ቀሎ ታገደ፤ አባላቱ ታሰሩ። አሊ ከጓደኛው ከአሊ ሸቦ ጋር ወደ ጅቡቲ ሸሸ። እዚያም አልበረከተም፤ ተመልሶ ድሬ መጣ፤ ከድሬም ወደ አዲስ አበባ ወጣ። ሸሪፍ ያባረረው ጊታሪስት ከተማ ሲቀይር ያየን ሰዎች እዚህ ላይ አዲስ ታሪክ አልገጠመንም።

ቀጥሎ የሆነው ግን ሚሲሲፒ ላይ ሊሆን አይችልም። ያገደው መንግሥት መልሶ ቀጠረው። አሊ የክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ገባ፤ ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አህመድ ባሉበት ቤት። የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ ማለት ወታደር ማለት ነው፤ ልምምዱ በሰዓት፣ ልብሱ በደንብ፣ ፈቃዱ በአለቃ። ከሸጎዬ የመጣ ልጅ ነፋስ መሣሪያ ከተደረደረበት ባንድ ጋር በዚያ ሥርዓት መሥራት ምን እንደሚመስል መገመት አያስቸግርም። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ወጣ። ጥላሁንም በኦሮምኛ የተጫወተበት ጊዜ አለና ቤቱ ለቋንቋው ፍጹም ዝግ ነበር አይባልም፤ ከመድረኩ መብራት ሥር ዋናው ቋንቋ ግን የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ሸክላው እንመለስ። እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተምና የማስመጣቱን መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ሰጥቶ ነበር። ማኅበሩ ደግሞ የጊዜውን አዳዲስ ዘፋኞች ለማሳተም አልቸኮለም። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሚባል የሃያ አራት ዓመት ወጣት ድንጋጌውን ችላ ብሎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ባለሥልጣኑ አጉረመረመ፤ ሸክላው ግን ተሸጠ። መንገዱ ከተጠረገ በኋላ ፊሊፕስ የኢትዮጵያ ቅርንጫፍና ሌሎችም ተከተሉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በቆጠረው መሠረት በነዚያ ጥቂት ዓመታት ወደ 500 የሚጠጉ ትንንሽ ሸክላዎችና ሠላሳ ያህል ትልልቆቹ ታትመዋል። የኢትዮጵያ «ወርቃማ ዘመን» የምንለው ይኸው ነው። መላው ክምችት አንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ ያልቃል።

በዚህ ክፍተት ነው አሊ የገባው። እ.ኤ.አ. በ1971 በኦሮምኛ የመጀመሪያ ተብሎ የሚጠቀሰውን አልበም አወጣ። ቀኑ ሊጤን ይገባዋል፤ አፍረን ቀሎ ከተቋቋመ አሥር ዓመት ሊሞላው ነው። አሥር ዓመት ሙሉ በሠርግ፣ በዒድ፣ በጅቡቲ መንገድና በአዲስ አበባ መድረክ የተዘፈነው ለገበያ ሸክላ አልደረሰም። እኛ የያዝነው የአሊ ቢራ ድምፅ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ የሃያ ምናምን ዓመት፣ ብዙ ያየ፣ ከሰፈር ሸጎዬ በኦርኬስትራ በኩል ያለፈ ሰው ድምፅ ነው። የአሥራዎቹን ዕድሜ ልጅ ከተናገሩለት ሰዎች በቀር አናገኘውም።

ሸክላውም እንደ ሮበርት ጆንሰን ዘመኑ መቁረጡን አልተወም። በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው ትንሹ ሸክላ በአንድ ገጹ አራት ወይም አምስት ደቂቃ ይይዛል። ሸጎዬ በዚያ ጊዜ ውስጥ ገና ክቡን መሥራቱ ነው። አዝማቹ ሁለት ሦስት ጊዜ ተመላልሶ መርፌው መሐል ይደርሳል።

ስለ ኡድና ስለ ጊታር ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነገር ስለሆነ። አሊ ሁለቱንም ይጫወት ነበር። ጊታር አንገቱ ላይ የብረት መከፋፈያ አለው፤ ጣት የትም ይጫን የት፣ ድምፁ መከፋፈያው ከወሰነው ቦታ ይወጣል። ኡድ መከፋፈያ የለውም። አንገቱ ለስላሳ ነው፤ ጣቷ አንድ ፀጉር ታህል ወደ ላይ ብትል ድምፁም አብሮ ይወጣል። በምዕራቡ መሰላል በሁለት ቁልፎች መሐል የሚወድቁት ድምፆች ኡድ ላይ የቤታቸው ያህል ነው። ያሜሪካ ብሉዝ ተጫዋቾች ያስቸገራቸው ይኸው የጊታር ብረት ነበር። የሚፈልጉት ድምፅ በሁለቱ ብረቶች መሐል ስለነበረ ክሩን በጣታቸው እየገፉ አጠፉት፤ ሌሎቹም የጠርሙስ አንገት ሰብረው ጣታቸው ላይ አጠለቁና በክሩ ላይ አንሸራተቱ። ይህ ሁሉ ድካም ኡድ የሌለው ሰው ኡድ ፍለጋ ነው ብል አላጋነንኩም።

አሊ የሄደው በተቃራኒው አቅጣጫ ነበር፤ ከኡድ ልስላሴ ወደ ጊታርና ባንድ። ጊታሩ ከሳክስፎንና ከኦርጋን ጋር ሊስማማ፣ ኮርድ ሊይዝ፣ በማጉያ ሊጮኽ ይችላል፤ ኡዱ ይህን አይችልም። ስለዚህ ብዙ የታተሙት ሥራዎቹ የባንድ ሥራዎች ናቸው፤ ጥሩዎች ናቸው፣ ሰውን ያስጨፈሩ ናቸው። የኔ ምርጫ ግን ኡዱን ብቻውን ይዞ የተቀመጠበት ነው። እዚያ ላይ ድምፁ ቃሉን ጨርሶ ሲወርድ ኡዱ ያንኑ አወራረድ ይደግምለታል፤ ማን ማንን እየተከተለ እንደሆነ ይጠፋል። ኦሮምኛ የማይሰማ ሰው ከአሊ ቢራ ጋር ልተዋወቅ ቢለኝ የምጀምርለት በዚያ ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። አምሃ እሸቴ በ1967 ዓ.ም. ከአገር ወጣ፤ የሸክላው ገበያ በጥቂት ዓመታት ተዘጋ፤ የሰዓት እላፊው የሌሊት ክበቦችን ባዶ አደረገ። ድሬዳዋ ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ደጃፏ ደርሶ ነበር። ሸክላውን የተካው ካሴት ነው። ካሴት የሚሉት ነገር ስፋቱ አራት ሚሊ ሜትር የማይሞላ የፕላስቲክ ጥብጣብ ነው፤ ማግኔት የሚይዝ ዱቄት ተለቅልቆ በሰከንድ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ይጓዛል። የድምፁ ጥራት ከሸክላ ያንሳል። ግን በየገጹ ሠላሳ፣ አንዳንዱም አርባ አምስት ደቂቃ ይይዛል፤ ሸጎዬው ከነክቡ፣ ከነጭብጨባው ገባ። ሁለት ካሴት የሚጎርስ ቴፕ ያለው ሁሉ አሳታሚ ሆነ። አንዱ በር ላይ ዋናውን፣ በሌላው ባዶውን ከትቶ ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ነው። ጥብጣቡ ሲላላ እስክርቢቶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ ማጠንጠን፤ ሲበጠስ በፕላስተር መቀጠል። በዚያ ዘመን ያደገ ሰው ጣቱ አሁንም አይረሳውም።

ቴፑም ባዶ ካሴቱም አገር ውስጥ አይሠሩም ነበር። በባቡር ተጭኖ፣ በግመል ተጉዞ፣ በመኪና ወንበር ሥር ተደብቆ በምሥራቁ በር ገባ። ድሬዳዋ የኮንትሮባንድ ከተማ መባሏን ሰዎች በነቀፋ ያነሱታል፤ ለሙዚቃ ግን በሩ ባለውለታ ነው። መንግሥት የማያሳትመው ድምፅ መንግሥት ባልቀረጠው ዕቃ ላይ ተባዛ። ታይዋን የዚያ ንግድ ወራሽ ናት።

ይህ ለሙዚቀኛው ምን ጠቀመው? ለስሙ ብዙ፣ ለኪሱ ምንም። ከተባዛ ካሴት ዘፋኙ የሚያገኘው ሳንቲም የለም። ብላይንድ ለመንም ሮበርት ጆንሰንም የተከፈላቸው ለቀረጻው ቀን እንጂ ለሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት አልነበረም። የሚዞር ሙዚቀኛ የሚዞረው መንገድ ስለሚወድ ብቻ አይደለም፤ ገንዘቡ ያለው ሰውነቱ በተገኘበት መድረክ ላይ ስለሆነ ነው።

አሊ እ.ኤ.አ. በ1984 አገር ለቆ ወጣ። መጀመሪያ ስዊድን፣ ቀጥሎ አሜሪካና ካናዳ ኖረ። መንገዱ ረዘመ እንጂ ዓይነቱ አልተለወጠም፤ የገንደ ቆሬ ሠርግ በሚኒሶታና በቶሮንቶ አዳራሽ ተተካ። አገሩን ጥሎ የወጣ ሰው ቅዳሜ ማታ ተሰብስቦ ስለ ወንዝ፣ ስለ ናፍቆት፣ ስለ ፍቅር ይሰማል፤ በበነጋታው ካሴቱን በፖስታ ለዘመድ ይልካል። ከውጭ የተላከው ካሴት ድሬ ሲደርስ እንደገና ይባዛል። ሰውየው መግባት ባልቻለበት ዓመት ሁሉ ድምፁ ሲገባ ሲወጣ ነበር። ዘፈኖቹ ብዙዎቹ የፍቅር ናቸው፤ አድማጩ ግን ናፍቆቱን ለሴት ይሁን ለአገር እንደፈለገው ይተረጉመው ነበር። የሚከሰው ሹም ማስረጃ አያገኝበትም፤ የሚያስጨፍረው ሕዝብ ትርጉም አያጣበትም። ይህ ጥበብ ሚሲሲፒም ጎንደርም የሚታወቅ ነው።

ወደ አገሩ ሲመለስ ያገደው መንግሥትም ያሰደደው መንግሥትም አልነበሩም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ2013 የኢትዮፒክስ ሃያ ስምንተኛ አልበም የርሱን የቀድሞ ሥራዎች ሰብስቦ ወጣ፤ በሸክላው ዘመን የታተሙትን ከሰበሰበው ከዚህ ተከታታይ ውስጥ ለኦሮምኛ ሙዚቃ ሙሉ አልበም ሲሰጥ ሃያ ሰባት አልበም ካለፈ በኋላ መሆኑ የሚያስተዛዝብ ነው። አሊ ቢራ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. አዳማ ውስጥ በ75 ዓመቱ አረፈ። ሥርዓተ ቀብሩ የተፈጸመው በድሬዳዋ ነው።

ከርሱ ቀረጻ በሸክላና በይፋ በታተመ አልበም የተረፈው አይጠፋም። የሚጠፋው በየሠርጉ፣ በየአዳራሹ ተቀርጾ በየቤቱ ሳጥን የተቀመጠው ካሴት ነው። የድሬ ሙቀት ለጥብጣብ ጠላት ነው፤ ዱቄቱ ይላቀቃል፣ ጥብጣቡ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ቤትዎ እንዲህ ያለ ካሴት ካለ ከፀሐይና ከድምፅ ማጉያ አርቀው፣ ከነማኅደሩ አቁመው ያስቀምጡት፤ የድምፅ ማጉያ ማግኔት አለውና። ብዙ ዓመት ያልተጫወተ ከሆነ በድንገት አያጫውቱት፤ አስቀድመው በእጅ ቀስ ብለው ዳር እስከ ዳር ያጠንጥኑት። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ አጫውተው ወደ ኮምፒዩተር ያስገልብጡ፤ ፋይሉን ሳያሳንሱ ያስቀምጡ፤ በካሴቱ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ስም፣ ቦታና ዓመትም ፎቶ ያንሱ። ሥራው ካሴቱ የያዘውን ያህል ሰዓት ይወስዳል፤ የሚያስፈልገው ገመድም ታይዋን ይሸጣል።